በነሐሴ ያልሆነው በጥር ሲሆን፦ የምንጃር የገጠር ክበባት ወጣቶች የአዳማ ካምፕ (የጉዳይ ጥናት)

የጉዳዩ መነሻ

ይህ ጥናት የሚመለከተው በሰሜን ሸዋ ምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ከሚገኙ ሦስት የገጠር ቀበሌዎች የተውጣጡ የትምህርት ቤት ክበባት አባላት በአዳማ ከተማ ያደረጉትን የካምፕ ቆይታና ትምህርታዊ ጉዞ ነው። ካምፑ ሁለት ጊዜ ተካሂዷል፤ የመጀመሪያው በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በጥር መጨረሻ፣ በዓመቱ አጋማሽ የትምህርት ዕረፍት ወቅት። አዘጋጁ ያው አንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት ነበር፤ ማደሪያው ያው ነበር፤ የተጎበኙት ቦታዎችም ከሞላ ጎደል አልተለወጡም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ካምፕ የታሰበለትን ልጅ ሳያገኝ ሲበተን፣ ሁለተኛው ከተጠበቀው በላይ ፍሬ አፍርቷል። በእኔ ግምት ልዩነቱን ያመጣው የጉብኝቱ ዝርዝር ወይም የገንዘቡ መጠን ሳይሆን፣ ቀኑ የተቆረጠው በማን የሥራ መቁጠሪያ ነው የሚለው ጉዳይ ነው። ቀሪው ጽሑፍ ይህን ለማሳየት ይሞክራል። የድርጅቱ፣ የትምህርት ቤቶቹና የሰዎቹ ስም ለጉዳዩ ስለማያስፈልግ አልተጠቀሰም።

አዳማ ለምን ተመረጠች

ከምንጃር ለሚነሳ ሰው አዳማ ሩቅ አይደለችም። ከአረርቲ የሚመጣው መንገድ ሞጆ ላይ ከዋናው መስመር ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ለአገልግሎት የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው። የምንጃር ገበሬ ሽንኩርቱን የሚልከው፣ የመስኖ ሞተር መለዋወጫ የሚፈልገው፣ ሕመምተኛ ሲጸናበትም ብዙ ጊዜ የሚሮጠው ወደ አዳማ ነው። ስለዚህ ከተማዋ ለወላጆቹ እንግዳ አልነበረችም፤ ለልጆቹ ግን አብዛኞቹ በስም ብቻ የሚያውቋት ነበረች።

ለትምህርታዊ ጉዞ የሚያመቻት ግን ሌላ ነገር ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ዝናብ አጠር ለሆኑ አካባቢዎች የሚሆኑ የቦሎቄ፣ የማሽላና የበቆሎ እንዲሁም የአትክልትና የፍራፍሬ ዝርያዎች የሚወጡበት ነው። በቅርብ ርቀት የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው የወንጂ ስኳር ልማት ይገኛል። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት የጀመረው የቆቃ ግድብ ሩቅ አይደለም። ከከተማዋ በላይ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ደግሞ የአዳማ አንድና ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተርባይኖች ይሽከረከራሉ፤ የመጀመሪያው በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ውኃ፣ ነፋስ፣ ዘርና ፋብሪካ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ርቀት ውስጥ የሚገኙባት ከተማ በአገራችን ብዙ የለችም።

የነሐሴው ዕቅድ

ለገጠር ክበብ አባላት ካምፕ ማዘጋጀት በዓለም ላይ የቆየ ልምድ ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ክላርክ በሚባል አውራጃ፣ ግራሃም የተባሉ የትምህርት ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ1902 የገበሬ ልጆችን ሰብስበው የጀመሩት ክበብ ኋላ ላይ ራስን፣ ልብን፣ እጅንና ጤናን መለያው አድርጎ ፎር ኤች በሚል ስም ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ደግሞ በዌስት ቨርጂኒያ ጃክሰንስ ሚል በተባለ ስፍራ በግዛት ደረጃ የተቋቋመ የክበቡ ካምፕ ሥራ ጀመረ። ድርጅቱ መመሪያውን ያዘጋጀው ከእንዲህ ዓይነት ተሞክሮዎች ተነስቶ ነበር፤ በመመሪያው ላይም ካምፑ ትምህርት በሚዘጋባቸው ሐምሌና ነሐሴ እንዲካሄድ ተጽፏል። በዚያ አገር እነዚህ ወራት ፀሐያማ ናቸው። በምንጃር ግን ጤፍ የሚዘራባቸው፣ ዋልካው እግር የሚይዝባቸው ወራት ናቸው።

የምንጃርን ክረምት ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የጤፍ ማሳ ደጋግሞ ታርሶ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ይዘራል። ነሐሴ ሲጋመስ የመጀመሪያው አረም ይደርሳል፤ ወሩ ሲያልቅ ለሽምብራና ለጓያ የሚሆነው መሬት ይለሰልሳል። አባት በሬ ሲጠምድ ልጅ ከኋላው ይከተላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ልጁን የሚይዘው ግን ከብቱ ነው። በክረምት መሬቱ ሁሉ ቡቃያ ስለሆነ ከብት ለአፍታ እንኳ ያለ ጠባቂ አይለቀቅም፤ የጎረቤት ማሳ ውስጥ የገባች አንዲት ላም በሽማግሌ ፊት ካሳ ታስቆጥራለች። የከተማ ልጅ ትምህርት ሲዘጋ ያርፋል፤ የገበሬው ልጅ ግን እውነተኛ ሥራው የሚጀምረው ያኔ ነው።

በሰኔ ወር ከሦስቱ ትምህርት ቤቶች ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል አርባ ያህል የክበብ አባላት ተመዝግበው ነበር፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። የወላጅ ፈቃድ መጠየቂያ ቅጹ ከየቤቱ ተፈርሞ ሲመለስ ግን የወንዶቹ ቁጥር ከግማሽ በታች ወረደ፤ ከሴቶቹ የተፈቀደላቸው በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የመኪናና የማደሪያ ክፍያ አስቀድሞ ተፈጽሟል። እናም እንዲህ ባለ ጊዜ የሚሆነው ሆነ፦ ክፍት የቀሩት መቀመጫዎች በወረዳው ከተማ በሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኞችና የነጋዴዎች ልጆች ተሞሉ። በእነዚህ ልጆች ላይ ጥፋት የለም፤ አብዛኞቹ ጎበዞችና ጨዋዎች ነበሩ። ነገር ግን ስለ አረምና ስለ መስኖ የተዘጋጀው ትምህርት ማሳ ለሌለው ቤት ልጅ ተሰጠ። ከዚህም ሌላ ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ፍልሰታን ሕፃናት ጭምር ስለሚጾሙት ከሰዓት በፊት የነበረው የሜዳ ላይ ትምህርት ራሳቸውን በሚይዛቸው ልጆች መካከል የሚካሄድ ሆነ። ዝናቡም በበኩሉ ከታሰቡት ጉብኝቶች አንዱን አስቀርቷል።

የድርጅቱ የመስክ ሪፖርት ሴቶቹ የቀሩበትን ምክንያት በአንድ መስመር ዘግቶታል፤ «የኅብረተሰቡ ባህል»። ይህች ሐረግ ለጸሐፊዋ ብዙ ድካም እንደምታቀል አውቃለሁ፤ ከጠየቀ ሰው የመጣች ግን አትመስልም።

ከቤት ለቤት የተገኘው መልስ

በመስከረምና በጥቅምት የሴቶች ክበብ ተጠሪ የሆነች አንዲት መምህርት ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ሆና የተመዘገቡትን ሴት ልጆች ቤት ዞረች። የያዘችው ማስታወሻ በዚህ ጥናት ውስጥ ካየኋቸው ሰነዶች ሁሉ የላቀ ነው፤ የተጻፈው በትምህርት ቤት ደብተር ላይ ሲሆን በእያንዳንዱ ቤት ማን እንደተናገረ፣ ማን ዝም እንዳለ ጭምር ይዟል።

ከመልሶቹ ሦስት ነገሮች ጎልተው ወጥተዋል። የመጀመሪያው ሥራ ነው። እናቶቹ ልጃቸው ከቤት ስትወጣ ማን እንደሚጋግር፣ ማን ለአራሚ ምሳ እንደሚያደርስ በዝርዝር ጠይቀዋል። ሁለተኛው የሌሊቱ ጉዳይ ነው፤ ቀን የትም ብትሄድ ችግር የላቸውም፣ ነገር ግን ማታ በአንድ ክፍል ውስጥ ከማን ጋር እንደምታድርና በሩን ማን እንደሚዘጋው በቅጹ ላይ አልተጻፈም። ሦስተኛው የሰው አፍ ነው። አንዲት እናት «እኔ እሷን አምናታለሁ እትዬ፤ የማላምነው የውኃ መንገዱን ወሬ ነው» ብለዋል። ከአባቶች መካከል ትምህርቱን ራሱን የተቃወመ በማስታወሻው ላይ አልተገኘም፤ አንድ አባት እንዲያውም ቀኑ ከውቂያ በኋላ ቢሆን ኖሮ ልጃቸውን ራሳቸው እስከ ሞጆ እንደሚሸኙ ተናግረዋል።

ይህ የመጨረሻው ንግግር ነው ካምፑን ያዞረው። ጤፉ ታጭዶ፣ ተከምሮና ተወቅቶ ጎተራ የሚገባው እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። አውድማው ከተነሳ በኋላ ከብቱ በቃርሚያው ላይ ስለሚለቀቅ እረኛው ነፃ ይሆናል። መንገዱ ደርቋል። በቤት ውስጥ እህልም ጥቂት ገንዘብም አለ። በአዳማ በኩል ደግሞ ከክረምቱ መውጣት ቀጥሎ የሚበረታው ወባ በጥር ጋብ ይላል፤ ከደጋማው ቀበሌ ለሚመጡ ወባ ለማያውቁ ልጆች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ጥምቀት አልፏል፤ ዐቢይ ጾም በዚያ ዓመት የሚገባው በየካቲት መጨረሻ ነበር።

እንዲህ ሲጻፍ ሁሉም ነገር የተገጣጠመ ይመስላል፤ አልተገጣጠመም። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ በሠርግ ቤት ደግሞ ሴት ልጅ ለእንጨቱም ለወጡም ትፈለጋለች። ከዚህ የባሰው ውኃ ነበር። በክረምት ከደጅ የሚቀዳው ምንጭ በበጋ ይደርቅና ሴት ልጆች ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። ስለዚህ ጥር ወንዱን ነፃ ሲያወጣ በሴቷ ላይ ሸክም ይጨምራል። ቀኑን ከነሐሴ ወደ ጥር በማዛወር ብቻ የሴቶቹ ችግር ይፈታል ብሎ ማሰብ ሌላ ሪፖርት የሚያበላሽ ሐሳብ ይሆን ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከራሳቸው ከክበቡ አባላት ነው። በዚህ ዙር ቦታ ያልደረሳቸው ወንዶች፣ አህያ ያላቸው፣ ለሚሄዱት ሴት ልጆች ቤት ውኃ ሊያመላልሱ ተስማሙ፤ በምላሹ በሚቀጥለው ዙር ቀድመው ይመዘገባሉ። አንዲት እናት ነገሩን ወንፈል ብለው ሰየሙት፤ ከዚያ ወዲህ በክበቡ ስብሰባ ሁሉ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ለሌሊቱ ጉዳይ ደግሞ ከየቀበሌው አንዳንድ እናት ከልጆቹ ጋር እንድትሄድ፣ ከሴቶቹ ጋር በአንድ ክፍል እንድታድርና የክፍሉን ቁልፍ እንድትይዝ ተወሰነ። ድርጅቱ መጀመሪያ ላይ ወጪው በሦስት ሰው ይጨምራል ብሎ አንገራግሮ ነበር። በነሐሴ ባዶ ለቀሩ መቀመጫዎች የተከፈለው ሲታሰብ ግን ክርክሩ ብዙ አልቆየም።

ጉዞውና ማደሪያው

በጥር መጨረሻ በሁለት ቅጥቅጥ አይሱዙ የተነሱት ልጆች ቁጥር ከተመዘገቡት ጋር በጣም የተቀራረበ ሲሆን፣ ሴቶቹ ከግማሽ ጥቂት ብቻ ያነሱ ነበሩ። ስለ መንገዱ የሚነገር ብዙ የለም፤ መኪና ያልለመዱት አስመለሳቸው፣ ፌስታልና ሎሚ ቀድሞ መዘጋጀቱም ጠቅሟል። ማደሪያው የአንድ ማሰልጠኛ ተቋም መኝታ ቤት ነበር። አልጋዎቹ አጎበር ነበራቸው፤ አጎበር እንዴት እንደሚታሰር ማሳየት የመጀመሪያው ምሽት ትምህርት ሆነ።

ምግቡ ያልተጠበቀ ሙግት አስነስቷል። እናቶቹ በከተማው የቀረበላቸውን እንጀራ ቀምሰው ሩዝ የተቀላቀለበት መሆኑን ወዲያው ለዩ፤ የምንጃርን ጤፍ ለለመደ ምላስ ይህ ከስድብ አይተናነስም። በማግስቱ ከልጆቹ ስንቅ በሶና ቆሎ እየተዋጣ የቁርሱ ገበታ በእነርሱ ቁጥጥር ሥር ዋለ። ምግብ አብሳዩም ቅር አላለውም።

መልካሳ

በመርሐ ግብሩ ላይ ለመልካሳ የተመደበው ግማሽ ቀን ነበር፤ ሙሉ ቀን ወሰደ። በመጀመሪያ በአዳራሽ የተሰጠው ገለጻ ስለ ማዕከሉ አደረጃጀት ስለነበር የልጆቹ ዓይን ወደ መስኮት ነበር። ሁኔታው የተለወጠው ወደ ሽንኩርት ማሳው ሲወጡ ነው። አዳማ ሬድ የተባለው ዝርያ የወጣበት ቦታ ይህ መሆኑን ሲሰሙ ተያዩ፤ ምክንያቱም በየቤታቸው በመስኖ የሚተከለው ሽንኩርት ወይ አዳማ ሬድ ወይ ቦምቤ ሬድ ነው። ስሙን ከጣሳ ላይ ነበር የሚያውቁት።

ባለሙያው ዘሩ እንዴት እንደሚገኝ አስረዳ። የሚበላው ሽንኩርት ራሱ ተመርጦ እንደገና ይተከላል፤ ያ ደግሞ አገዳ አውጥቶ ያብባል፤ ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርሱት በብዛት ንቦች ናቸው። ስለዚህ ሁለት ዝርያ በቅርብ ከተተከለ ንቡ ያዳቅላቸዋል፤ ንጹሕ ዘር የሚፈልግ ሰው ማሳውን ከሌላው አርቆ መያዝ አለበት። በማሳ ዳር ፀረ ተባይ በጠዋት የሚረጭ ገበሬ ደግሞ ለዘሩ የሚያስፈልጉትን ንቦች ይገድላል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በልጆቹ መካከል ጉርምርምታ ፈጠረ፤ በምንጃር የሽንኩርት ማሳ ላይ ርጭት የሚካሄደው ጠዋት ነው።

ከዚያ ከእናቶቹ አንዷ እጃቸውን አወጡ። ባለፈው ዓመት በውድ ዋጋ የገዙት ዘር መደብ ላይ ተዘርቶ ግማሹ እንኳ አልወጣም። «ነጋዴው አታሎኝ ነው ወይስ መሬቴ ነው የከዳኝ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁ። ባለሙያው ከሁለቱም ላይሆን እንደሚችል ነገራቸው። ጤፍ በደረቅ ጎተራ ዓመታት ቆይቶ ይበቅላል፤ የሽንኩርት ዘር ግን ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ከአንድ ዓመት ብዙም ሳያልፍ የመብቀል ኃይሉ በፍጥነት ይወድቃል። ነጋዴው ራሱ ያረጀ ዘር መያዙን ላያውቅ ይችላል፤ ዘሩን ዓይቶ ማወቅም አይቻልም። ማወቅ የሚቻለው በመፈተን ነው።

ፈተናው ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ከጣሳው ሳይመረጥ መቶ ፍሬ ይቆጠራል፤ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተራርቆ ይደረደራል፤ ጨርቁ ተጠቅልሎ እንዳይደርቅ እየተረጨ በጥላ ይቀመጣል፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያቆጠቆጡት ይቆጠራሉ። ሰማንያ ከወጣ ዘሩ ደህና ነው፤ ከሃምሳ በታች ከወጣ ወይ ይመለሳል ወይ መደቡ ላይ በእጥፍ ይዘራል። ልጆቹ የቦሎቄ ዘር ይዘው ጨርቅ መጠቅለሉን እዚያው ተለማመዱ። በአዳራሹ ገለጻ ላይ አንድ መስመር ያልጻፉ ልጆች ይህን ሲሰሙ ደብተራቸው ሞላ። እናቶቹን በጉዞው ላይ ማከል ለጥበቃ ተብሎ የተደረገ ነበር፤ የጉዞውን ዋና ጥያቄ ያመጡት ግን እነርሱ ናቸው፤ ይህን የሚገምት መርሐ ግብር አላየሁም።

ወንጂ፣ ጥርስና ውኃ

በወንጂ የታየው የሸንኮራ አገዳ ማሳ፣ ቦዩና የውኃው አከፋፈል ነው። የማሳው ስፋት ልጆቹን ቢያስገርምም ለቤታቸው የሚሆን ብዙ ነገር አልሰጣቸውም። ትልቁ ትምህርት የተሰጠው በዚያው ቀን ማታ፣ በካምፑ ውስጥ፣ አንድ የጤና ባለሙያ በተጋበዘበት ውይይት ላይ ነው።

ከቆላማው ቀበሌ የመጡ በርካታ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ነጠብጣብ አለበት። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በሳቀች ቁጥር የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ትወስዳለች። ባለሙያው ወንጂን መነሻ አድርጎ ስለ ፍሎራይድ ተናገረ። የስምጥ ሸለቆው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ውኃ በመሬት ውስጥ ከዚህ ድንጋይ ጋር ረጅም ጊዜ ሲቆይ ፍሎራይድ ይሟሟበታል። በዚህ ምክንያት ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውኃ ለዓይን የጠራ ሆኖ ሳለ ከወንዝ ውኃ የበለጠ ፍሎራይድ ሊይዝ ይችላል። አዳማ ራሷ የምትጠጣው የአዋሽን ወንዝ አጣርታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ የሚፈቅደው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚህ ሲያልፍ መጀመሪያ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፣ እጅግ ሲበዛና ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትና አከርካሪን ያደነድናል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ለዓመታት ካጠኗቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው የስምጥ ሸለቆ ነዋሪዎች ችግር ነው።

ነጠላዋን የምትይዘው ልጅ ጥያቄ ጠየቀች፤ «ጋሼ፣ ብናፈላውስ አይለቅም?» አይለቅም። ማፍላት ጀርምን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወጣም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይጎለብታል። ቀጥላ የእሷ ጥርስ ይነጣ እንደሆነ ጠየቀች። ባለሙያው አላባበላትም፤ ጥርስ የሚጎዳው በድድ ውስጥ በሚሠራባቸው የመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት ገደማ ስለሆነ በእሷ ላይ የደረሰው ውኃ በመቀየር አይመለስም፤ ለታናናሾቿ ግን ዛሬ የሚቀዳው ውኃ ይወስናል አላት። እሷም ሦስት ታናናሾች እንዳሏት ተናገረች። ከተቃጠለ የከብት አጥንት ስለሚሠራው ማጣሪያ ሲነገር ደግሞ እናቶቹ አጥንቱ የምን እንስሳ እንደሆነና በጾም ይቻል እንደሆነ አጥብቀው ጠየቁ። ማጣሪያውን በየገጠሩ የሚያከፋፍል ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሊዘጋጅበት የሚገባ ጥያቄ ነው።

ቀሪዎቹ ጉብኝቶች

የነፋስ ኃይል ማመንጫው ፎቶግራፍ በብዛት የተነሳበት ቦታ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ነገር መመዝገብ አልቻልኩም። ቆቃ ላይ የተነገረው ስለ ደለል ነው፦ ከላይኛው የአዋሽ ተፋሰስ የሚታጠበው አፈር ግድቡ ውስጥ እየተጠራቀመ ውኃ የሚይዝበትን ቦታ ይቀንሳል። የአካባቢ ጥበቃ ክበቡ ልጆች እርከን ለምን እንደሚሠሩ ሲጠየቁ ሁልጊዜ «አፈር እንዳይሸረሸር» ይሉ ነበር፤ የተሸረሸረው አፈር የት እንደሚደርስ ያዩት ግን እዚህ ነው። ሶደሬ ከዕቅዱ ወጥቷል። ዋና የማይችሉ ልጆችን ወደ ፍል ውኃ ገንዳ ይዞ መሄድ ያለ ሠለጠነ ጠባቂ አይሞከርም፤ ልጆቹ ቢያዝኑም ውሳኔው ትክክል ነበር።

ከተመለሱ በኋላ

የካምፕን ውጤት በመጨረሻው ቀን በሚሞላ መጠይቅ መለካት የተለመደ ነው፤ በሁለቱም ዙሮች ልጆቹ «በጣም ረክተናል» የሚለውን መርጠዋል። ስለዚህ መጠይቁ ሁለቱን ካምፖች ሊለይ አልቻለም። የለያቸው በሚቀጥለው መስኖ የሆነው ነገር ነው።

በመስከረም 2012 ዓ.ም. የሽንኩርት መደብ ከመዘጋጀቱ በፊት ከሦስቱ ክበባት ሁለቱ ለጎረቤቶቻቸው ዘር መፈተን ጀመሩ። ገበሬው ከጣሳው በቁንጥር ያመጣል፤ ልጆቹ መቶ ቆጥረው በጨርቅ ይጠቀልላሉ፤ ስሙንና ቀኑን በፕላስተር ላይ ይለጥፋሉ። በአንደኛው ትምህርት ቤት የክበቡ ክፍል ግድግዳ በጥቅልል ጨርቅ ተሞልቶ አይቻለሁ። ዘሩ ሳይበቅል የቀረበት አንድ ገበሬ ጨርቁን ራሱን ይዞ ወደ ሻጩ ሄዶ ገንዘቡን አስመልሷል፤ ወሬው ከተሰማ በኋላ የሚመጣው ጣሳ በዛ። ሦስተኛው ክበብ ይህን አልሠራም፤ ክበቡን የሚመራው መምህር በዝውውር ስለሄደ ሥራውን የተረከበ አልነበረም። ክበብ በአንድ መምህር ትከሻ ላይ ሲቆም የሚገጥመው ይህ ነው፤ የጉዞ በጀት ሲያዝ የምክትል ተጠሪ ወጪ አብሮ ቢያዝ ይሻላል።

የውኃው ጉዳይ ቀስ ብሎ ነው የሄደው። የጥልቅ ጉድጓድ ውኃ ሲቆፈር ስለሚመረመር፣ መምህርቷ በልጆቹ ስም የቀበሌውን ጉድጓድ የምርመራ ወረቀት ግልባጭ በጽሑፍ ጠየቀች። እስከዚህ ጥናት ድረስ መልሱ አልደረሰም። በመካከሉ የነጠላዋ ልጅ ቤት ለትንንሾቹ የሚጠጣ የዝናብ ውኃ ከቆርቆሮ ጣሪያ በበርሜል ማጠራቀም ጀምሯል፤ የዝናብ ውኃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል፣ ችግሩ በበጋ አለመኖሩ ነው።

ያልተከፈለው ወንፈል

ሦስተኛው ዙር በጥር 2012 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አዳማን ጨምሮ በተለያዩ የኦሮሚያ ከተሞች የሰው ሕይወት የጠፋበት ሁከት ስለተነሳ ወላጆች ልጆቻቸውን ለመላክ ፈሩ፤ ጉዞው ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተላለፈ። ከፋሲካ በፊት ግን መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ሕመምተኛ ተገኘ፤ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ።

በዚህ የተጎዱት በሁለተኛው ዙር ለሴቶቹ ቤት ውኃ ያመላለሱት ወንዶች ናቸው። ድርሻቸውን ሠርተዋል፤ ተራቸው ግን አልደረሰም። ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ ጥቂቶቹ ከክበቡ የክፍል ገደብ አልፈው፣ ሌሎች ትምህርት አቋርጠው ሙሉ ገበሬ ሆነው ተገኙ። የድርጅቱ ደንብ የካምፕ ተሳታፊ ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ያለ የክበብ አባል እንዲሆን ያዛል። መምህርቷ ለእነዚህ ልጆች ደንቡ እንዲላላ፣ ትምህርት ያቋረጡትም እንዲካተቱ በጽሑፍ አመልክታለች። ድርጅቱ ደንቡን ለጥቂት ልጆች ማላላት ለሌላ ወረዳ በር ይከፍታል የሚል ሥጋት አለው። እኔ የመምህርቷን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ምክንያቴም ከይሉኝታ የመጣ አይደለም። በሚቀጥለው ጥር ሴት ልጆች ወደ አዳማ የሚሄዱት ሌሎች ወንዶች አህያቸውን ሲጭኑ ነው፤ እነርሱም ከመጫናቸው በፊት ያለፉት ምን እንዳገኙ ይጠይቃሉ።